«ጊዜ የተረፈው ሰው»፦ የቱርክ ድራማ ወይስ የአገር ቤት ድራማ?

የእሙ ልጅ፦
ትናንት ማታ ብዕረኛው የጻፈውን ያላነበባችሁ ካላችሁ ቃል በቃል ይኸውላችሁ፦ «በየምሽቱ የቱርክ ድራማ ፊት የሚቀመጥ ጊዜ የተረፈው ሰው ነው። ሊታይ የሚገባው የራሳችን ሥራ ነው።» አንብቤ ልተኛ ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናቴ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚያሳየው የቃና ቴሌቪዥን ተመልካች ናት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች፣ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፣ ከሰዓት በኋላ ገበያ ትወርዳለች። ማታ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት እንኳ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ወይ ምስር ትለቅማለች ወይ ሽንኩርት ትልጣለች። ጊዜ የተረፈው ሰው እሷ ከሆነች፣ ጊዜ ያጠረው ማን እንደሆነ ብዕረኛው ራሱ ይንገረን።

ብዕረኛው፦
እናትሽን አልነካሁም። እናትን ከፊት አሰልፎ መከራከር ግን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ማን ደፍሮ መልስ ይሰጣል? ያልኩት ይህ ነው፦ ሰው ማታ ተረጋግቶ ቴሌቪዥን የሚያይባት ሰዓት ከሁለት እስከ አራት ነች፤ ማስታወቂያ ደግሞ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ተመልካቹ በአንድ ጊዜ ነቅሎ ሄደ። ያን ጊዜ የጥበብ ባለሙያዎች ተሰብስበው የተቃወሙት ቀንተው አይደለም። በአገሩ ታይቶ ወጪውን የመለሰ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መለወጥ አንድ ነገር ነው። ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ፣ ተዋናይ ቀጥሮ፣ ካሜራና ቤት ተከራይቶ አንድ ክፍል ማውጣት ሌላ ነው። የቱርኩን የሚያይ ሁሉ ሳያውቀው የአገሩን ጸሐፊ ከሥራ ያስወጣል።

ስድስት ኪሎ፦
«ሳያውቀው» ተጨመረች። ትናንት ጊዜ የተረፈን ነበርን፣ ዛሬ የማናውቅ ሆንን። ነገ ምን እንደምንሆን በቀጣዩ ክፍል ይጠብቁን።

ባለ ዲሽ፦
እኔ ዲሽ በመትከል የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ሰው ምን እንደሚያይ ሰው ከሚናገረው ይልቅ ከሪሲቨሩ አውቃለሁ። ከ2008 በፊት የምንገባበት ቤት ሁሉ ሳህኑ ወደ ዐረቦቹ ሳተላይቶች፣ ወደ ዐረብሳትና ወደ ናይልሳት የዞረ ነበር። ቤተሰቡ የአሜሪካ ፊልም በዐረብኛ ጽሑፍ ያያል፤ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም የሚያውቅ ላይኖር ይችላል፤ ልጆቹ ከተዋናዩ ፊት እየገመቱ ለእናታቸው ይተረጉማሉ። ያን ጊዜ የአገሩን ድራማ ትቶ የውጭ ፊልም ያይ የነበረው ይህ ሁሉ ሰው የት ሄዶ ነው ዛሬ ቃና ብቻ የሚወቀሰው? ቃና ከኢ ቢ ሲ የወሰደውን ያህል ከዐረብ ጣቢያዎችም ወስዷል። ይህንን ማንም አያነሣውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው የሳተላይት ሥርጭት ሲዞሩ ሥራ በሥራ ሆነን ነበር። ሳህኑን ወደ 57 ዲግሪ አዙረን፣ ጣቢያዎቹን ፈልገን ስንጨርስ የምንጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቃና ገባ?» መጻሕፍት እስከ ጣሪያ የተደረደሩበት ቤት ገብቼ፣ ባለቤቱ «እኛ ዜና ብቻ ነው የምናየው» ካሉኝ በኋላ፣ በር ድረስ ሸኝተውኝ ቀስ ብለው ይህንኑ ጠይቀውኛል።

ብዕረኛው፦
ሰው ይፈልገዋል ማለት ሊታይ ይገባዋል ማለት አይደለም። ጫትም ይፈለጋል።

የእሙ ልጅ፦
እናቴ ጊዜ ከተረፈው ሰው ወደ ጫት ቃሚ ወረደች። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የጅዳዋ፦
ስለዚህ ነገር የምናገረው አለኝ፤ ረዘም ቢል ይቅር በሉኝ። ከጅዳ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ነበርኩ። ያኔ «ኑር» የሚባለው የቱርክ ድራማ በሶርያ ዐረብኛ ተተርጉሞ ኤም ቢ ሲ በሚባለው የዐረብ ጣቢያ ይታይ ነበር። የመጨረሻው ክፍል በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ሲተላለፍ 85 ሚሊዮን ሰው አይቶታል ብሎ ጣቢያው አስታውቋል። ከዚያ ውስጥ አንዷ ልብስ እየተኮስኩ በሩ ሥር ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ዐረብኛ የተማርኩት ከእመቤቴ ጩኸትና ከዚያ ድራማ ነው። ከጩኸቱ የተማርኩት «አምጪ፣ ውሰጂ፣ ፍጠኚ» የሚለውን ነው። ሰው ሰውን በትሕትና እንዴት እንደሚያነጋግር፣ እንዴት ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ደመወዜን ስጡኝ ለማለት ቃሉን እንዴት እንደማለሳልስ የተማርኩት ከድራማው ነው። ብዕረኛው «ጊዜ የተረፈው» ሲል ሳቄ መጣ። ያኔ የራሴ የምለው ጊዜ ጨርሶ አልነበረኝም፤ ከምን ላይ ይተርፋል?

ዛሬ ማታ ማታ ክፍሌ ገብቼ በስልኬ በአማርኛ አያለሁ። ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ማንም «ነይ» ሳይለኝ። የአገሬንም አያለሁ፣ የቱርኩንም አያለሁ። የሚመርጥልኝ ሰው ግን አልፈልግም፤ ለዓመታት ሲመረጥልኝ ኖሬአለሁ።

ብዕረኛው፦
እኅቴ፣ የጻፍሽውን አክብሬ አነበብኩት። ነገር ግን የራስሽ ምሳሌ የእኔን ወገን ያግዛል። ያ ጣቢያ ራሱ በ2010 ዓ.ም. የካቲት ላይ የቱርክ ድራማዎችን በሙሉ ከሥርጭት አውጥቷል። ሀብታሞቹ ዐረቦች እንኳ ለራሳቸው ሥራ ቦታ መልቀቅ አስፈልጓቸዋል።

የጅዳዋ፦
ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ነበርኩ። የተነሡት መንግሥታት ስለተኳረፉ ነው። የኳታር ነገር፣ የአንካራ ነገር። ቤቱ ውስጥ ያሉ ሴቶች ሁሉ ማታውኑ ቀሪውን ክፍል በስልካቸው ሲፈልጉ አድረዋል። አንዲቷን የረዳኋት እኔ ነኝ።

ስድስት ኪሎ፦
ጊዜ የተረፋቸው ሴቶች ናቸው፣ እትዬ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ክርክራችሁን ከጧት ጀምሬ እከታተላለሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ልጅ ነበርኩ፤ ጎረቤት ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥለን ነው ያየነው። ከዚያ ወዲህ ካየሁት ሁሉ ሊታይ የሚገባው ብዬ የምመሰክርለት የአባባ ተስፋዬ የልጆች ጊዜ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ተረት፤ ትውልድ አሳደገ። ከእሱ በኋላ ደግሞ «ጸሐይ መማር ትወዳለች»። ያችን ቀጭኔ አሻንጉሊት የፈጠረችው መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና በቤቷ ጀምራ፣ በጃፓን ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከማግኘት ደርሳለች። እናንተ የምትጨቃጨቁባቸው ሁለቱም ወገኖች፣ የቱርኩም የአገር ቤቱም፣ ከፍቺ፣ ከውርስና ከጥይት ሌላ ወሬ የላቸውም።

ኳስ ብቻ፦
ጋሽ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የአርባ ዓመት ሰው ማታ ከሥራ ገብቶ ቀጭኔ ይይ?

ጡረተኛው መምህር፦
የአርባ ዓመት ሰው ሃያ ሁለት ሰው ኳስ ሲያባርር እያየ ከሚጮህ፣ ቀጭኔዋን ቢያይ እጁን መታጠብ ይማራል።

ከሜሪላንድ፦
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። እኔ ስለ ልጆች ልናገር። ኢ ቢ ኤስ በ2000 ዓ.ም. እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲጀመር ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ ብዬ ቤቴ ውስጥ ሌላ ጣቢያ እንዳይከፈት ከልክዬ ነበር። «የቤተሰብ ጨዋታ» ሲመጣ ደግሞ ሁላችንም አብረን እንገምታለን፤ ትንሹ ልጄ «እንቅብ» የሚለውን ቃል የያዘው ከዚያ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ስትኖር ግን ቴሌቪዥኑ ወደ ቃና ዞረ። በወራት ውስጥ ልጄ «ያለ አንተ መኖር አልችልም» ማለት ቻለ፤ «እንደምን አደራችሁ» ግን አያውቅም። የትርጉሙ አማርኛ አማርኛ ነው፤ ቤት አልባ አማርኛ ነው። እንዲያ የሚናገር አክስት የለኝም፣ አጎትም የለኝም።

ድምፅ ብቻ፦
ዝም ልል ነበር፤ አሁን ግን አልችልም። እኔ የዚያ «ቤት አልባ» አማርኛ ሠራተኛ ነኝ። ከአንድ ሜትር ብዙ በማትበልጥ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ የሌላ ሴት አፍ እያየሁ አለቅሳለሁ። ስትስቅ እስቃለሁ፣ ውሃ ስትጠጣ እውጣለሁ፣ በደረጃ ስትሮጥ አለከልካለሁ። አፏ ከተዘጋ በኋላ የእኔ ድምፅ አንዲት ፊደል ካመለጠው እንደገና ነው። ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ልጆች «እባክህን ወዲህ ና» የሚለውን አፏ በተከፈተበት ልክ ለመክተት ሰዓታት ይጨነቃሉ። ደግነቱ ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያመጣዋል፤ ባይሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ተመልካቹ ይህን ሁሉ ካላወቀው ሥራችን ተሳክቷል ማለት ነው።

ብዕረኛው ከላይ «ድምፅ መለወጥ» ብሎ ያለፈውን አይቻለሁ። ቴፕ የምንገለብጥ አስመሰለን። እኔ ቲያትር የተማርኩ ሰው ነኝ። ከቃና በፊት በዓመት አንዴ መድረክ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ አንድ ድራማ ላይ «የጎረቤት ሴት» ሆኜ ሦስት ቀን እሠራ ነበር፤ ያውም ገንዘቡ ይዘገያል። በወር ደመወዝ ተዋናይነት ያየሁት በድምፅ ሥራ ነው። ለማን ነው የምትሟገተው? ለባለሙያው? እኔስ ማን ነኝ?

ብዕረኛው፦
ለግል ኑሮሽ ደስ ይለኛል። ድምፅሽም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ፊትሽን ማንም አያውቀውም። በአገርሽ ቋንቋ፣ በአገርሽ ታሪክ፣ በራስሽ ፊት መሥራት ሲገባሽ የሌላ ሴት ጥላ ሆነሻል። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ድምፅ ብቻ፦
ጥላ! ይህንንም ጨምርበት።

ከሜሪላንድ፦
እኅቴ፣ አንቺን ለማስቀየም አልጻፍኩትም። ድምፃችሁ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ጽሑፉ ላይ ነው። የባለጌውም፣ የዳኛውም፣ የአትክልተኛውም አማርኛ አንድ ነው። አንዱ እንኳ የጎጃም ለዛ፣ ወይም የወሎ፣ ወይም የመርካቶ አነጋገር ቢኖረው ምን ነበረበት?

ድምፅ ብቻ፦
የኢስታንቡል ዳኛ በጎጃም ለዛ ቢናገር መጀመሪያ የምትስቂው አንቺ ነሽ።

ከሜሪላንድ፦
እሱስ እውነት ነው፤ ግን በደስታ ነው የምስቀው።

የእሙ ልጅ፦
ወደ ነገራችን እንመለስ። ብዕረኛው ስለ ጊዜ ያወራው እሱ ስለሆነ በጊዜ እንተሳሰብ። የአገር ቤት ድራማ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። ካለፈው ሳምንት የታየውን ይደግማል። ዘፈኑ ሙሉውን ይሄዳል። ከዚያ አንዱ ሰውዬ መኪና ውስጥ ይገባል፤ ሞተር ያስነሣል፤ ቦሌ መንገድ ላይ ይነዳል፤ ያቆማል፤ ይወርዳል፤ በር ይዘጋል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። «ሄሎ… እሺ… የት?… መጣሁ።» እንደገና መኪና። መሐል ላይ የቀለም፣ የሳሙናና የቢራ ማስታወቂያ ይገባል። አለቀ። በዚያች ምሽት መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ የምታገኚው ሰውዬው ከመኪናው ሲወርድ ነው። ቃና በየቀኑ ይመጣል፤ ዛሬ ቢያመልጣት ነገ ጎረቤት ትነግራታለች። ጊዜ የሌላት ሴት የቱን ትምረጥ? ለጊዜዋ የሚሳሳላት የቱ ነው?

ስድስት ኪሎ፦
የመኪናውን ነገር ስላነሣሽው አመሰግናለሁ። አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ሰውዬው ወደ ኋላ ሲነዳ ያየሁት እስካሁን ይታወሰኛል። ሙዚቃ ነበረው።

ብዕረኛው፦
ሳቁ። መኪናው የሚነዳው ጸሐፊው ገጽ ስላጠረው አይደለም፤ አዘጋጁ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ መቅረጽ ስለማይችል ነው። የቦታ ኪራይ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የተዋናይ ቀጠሮ። በሳምንት አንድ ክፍል ማውጣት ራሱ ተአምር ነው።

ይህን ካላችሁ ደግሞ የቱርኩን በሐቅ እንመርምረው። አገራቸው ላይ አንዱ ክፍል ከማስታወቂያው ጋር ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ያንን ሰዓት የሚሞሉት እንዴት ነው? ሁለት ሰዎች ይተያያሉ። ሙዚቃ ይገባል። አሁንም ይተያያሉ። ካሜራው ወደ እሷ ይሄዳል፣ ወደ እሱ ይመለሳል፣ ባሕሩን ያሳያል። በ2003 ዓ.ም. የቱርክ ጸሐፊዎች፣ ተዋንያንና የካሜራ ሠራተኞች ራሳቸው «ክፍሉ ረዘመብን፣ በሥራ ብዛት አለቅን» ብለው ኢስታንቡል ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። ለእኛ የሚመጣው ያ የተጎተተ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ተቆርጦ ነው። እናትሽ በየምሽቱ የምታየው የአንዱን ክፍል ሲሶ ነው።

ስድስት ኪሎ፦
እንግዲህ ጊዜ የተረፈው ቱርክ ነው።

የእሙ ልጅ፦
ሲተያዩ ሽንኩርቷን ትልጣለች፣ ሲናገሩ ቀና ትላለች። ለእሷ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ባለ ዲሽ፦
ሁላችሁም ስለ ለቅሶ ድራማ ብቻ ታወራላችሁ። በእኔ ግምት ከአገር ቤት ሥራ እስካሁን የሚያክለው ያላገኘሁለት «ምን ልታዘዝ» ነው። ፋና ላይ ይታይ የነበረው። አንድ ካፌ፣ ባለቤት፣ አስተናጋጆች፣ ደንበኞች፤ መኪና የለ፣ ቪላ የለ፣ ጥይት የለ። አስተናጋጁና ባለቤቱ ሲጨቃጨቁ አገሪቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያች ካፌ ውስጥ ይገባ ነበር። ባለሙያ ገንዘብ አጣ፣ ቦታ አጣ ይባላል። ለአንድ ካፌ ስንት ያስፈልጋል? ያ ሥራ ያሳየው የጠፋው ገንዘብ ሳይሆን ድፍረት መሆኑን ነው።

ብዕረኛው፦
ይህን እቀበላለሁ። ግን አስቂኝ ነው፤ ድራማ አይደለም።

ባለ ዲሽ፦
የሚያስቅ ነገር ከተራ ወጥቷል ማለት ነው?

ብዕረኛው፦
አላልኩም። ዘውጉ ሌላ ነው አልኩ።

ባለ ዲሽ፦
«ቤቶች»ስ? ስንት ዓመት ሙሉ ቤተሰብ አንድ ላይ ያስቀመጠ ሥራ ነው። እሱንም ዘውጉ ሌላ ነው ብለህ ልታስወጣው ነው? እንዲህ እየቀነስክ ስትሄድ «የራሳችን ሥራ» የምትለው ክምር ውስጥ አንተና ወንበርህ ብቻ ትቀራላችሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ካፌው ውስጥ ያሉት ወጣቶች ለታላላቆቻቸው የሚናገሩት ነገር ግን አልጣመኝም ነበር።

ባለ ዲሽ፦
ጋሼ፣ ቁም ነገሩም እሱ ነበር።

ኳስ ብቻ፦
ዘጠና ደቂቃ ላይ የሚያልቅ፣ ወደ ኋላ የማይነዳ፣ ማንም ማንንም እያየ ሙዚቃ የማይገባበት አንድ ትርኢት አውቃለሁ። ቅዳሜ ይምጣ።

የእሙ ልጅ፦
ቡድንህ በተጨመረው ሰዓት ሲሸነፍ ያለቀስከው አንተ አይደለህ? ከቱርክ ድራማ በምን ተለየ?

ኳስ ብቻ፦
እውነተኛ እንባ ነው። የእናንተ ተዋንያን በጠብታ ነው የሚያለቅሱት።

ብዕረኛው፦
እንግዲያው ሊታይ የሚገባውን በስሙ እጠራለሁ። «ገመና»፦ በኢቲቪ ሲሄድ ያ ሰዓት ሲደርስ ሰፈሩ ጭር ይል ነበር። «ሰው ለሰው»፦ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲጫወት አገሩ በሙሉ በአንድ ሰው ላይ አደመ፤ ስሙ ቀርቶ መንገድ ላይ አስናቀ ይባል ነበር። የትኛው የቱርክ ክፉ ሰው ነው እንዲህ ያስጠላን? አስናቀን የጠላነው ስለምናውቀው ነው። እንዲያ ያለ ባለ ገንዘብ፣ እንዲያ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያዝ፣ ሁላችንም የሆነ ቦታ አግኝተናል። ከዚያ ወዲህ «እረኛዬ» አርትስ ቲቪ ላይ። ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት ነው። ሳሎንና ቪላ ትቶ ገጠር ወረደ፤ ሰው ሲያርስ፣ ሲያገባ፣ ሲሟገት አሳየ፤ አማርኛው ያው የከሜሪላንድ አክስት የምትናገረው አማርኛ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ስለ ቦስፎረስ ቪላ ውርስ እንጨነቅ?

የጅዳዋ፦
«እረኛዬ»ን እዚህ ያላየ የለም። ዓርብ ዕረፍት ስንገናኝ ስምንት ሴቶች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን ነው ያየነው። አንዷ የገበሬ ልጅ ናት፤ ቤቱ ሲታይ ተነሥታ ወጣች፣ ቆይታ ተመለሰች። ማንም አልጠየቃትም። ብዕረኛው፣ በዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። «ጊዜ የተረፈው» ላይ ግን አይደለሁም።

ድምፅ ብቻ፦
እኔም አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። የወደድኩት ቱርኩን ስለጠላሁ አይደለም። ብዕረኛው አንዱን ለማንገሥ ሌላውን መግደል ግዴታ የሆነበት ምክንያት አልገባኝም።

ብዕረኛው፦
ሰዓቱ አንድ ስለሆነ ነው። ስንት ጊዜ ልናገር? የማስታወቂያው ገንዘብ አንድ ስለሆነ ነው። «ሁለቱም ይታይ» የሚለው ቆንጆ ንግግር ጣቢያው ውል ሲፈርም አይሠራም።

ባለ ዲሽ፦
ይህ ቢያንስ ክርክር ነው። ግን ያኔ «አገሩን አጠፋው» የተባለው ጣቢያ ከመጣ በኋላ ነው አርትስ ቲቪም፣ አቦል ቲቪም የመጡት፤ አቦል ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ድራማ የሚሠራ ነው። የተባለው ሞት የት አለ?

ብዕረኛው፦
አቦልን ለማየት በየወሩ ለዲ ኤስ ቲቪ መክፈል አለብህ። ነጻው የቱርኩ ነው፣ የሚከፈልበት የአገርህ ነው። ይህ ገልብጦ ማየት አይደለም?

ባለ ዲሽ፦
እዚህ ላይ መልስ የለኝም። ደንበኞቼም ይህንኑ ይላሉ።

ስድስት ኪሎ፦
ይመዝገብ! ባለ ዲሽ መልስ አጣ።

ባለ ዲሽ፦
የወርሃዊ ክፍያው ላይ ነው መልስ ያጣሁት። ካፌው ላይ መልሴ እንደቆመ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በቤታችሁ ሪሞቱ ማን እጅ ነው ያለው? እዚህ የሚከራከረው ሰው ሁሉ የራሱን ምርጫ የሚያይ ይመስላል። በእኔ ቤት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት የባለቤቴ ነው፣ ከአራት በኋላ የልጅ ልጄ ነው። ዜናውን የምሰማው ወጥ ቤት በሬዲዮ ነው።

ኳስ ብቻ፦
ቀጭኔዋንስ?

ጡረተኛው መምህር፦
ጠዋት።

የእሙ ልጅ፦
እናቴ አጠገቤ ናት፤ አነበብኩላት። «እረኛዬ»ን ሁለቴ አይታዋለች፤ አንዱን ጊዜ ከእኔ ጋር፣ ሌላውን ጊዜ ከእኅቷ ጋር። አስናቀን ደግሞ አሁንም ስሙ ሲጠራ ታማትባለች። ብዕረኛውን ምን ልበልልሽ ብላት፣ «ይጻፍ፣ አያለሁ፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ሌላውን ስድስት ቀን ምን አድርጊ ይለኛል?» አለች። ይህን መልስላት።

ብዕረኛው፦
እንዲህ በላት፦ ስድስቱን ቀን እኛም እየሠራን ነው።

የእሙ ልጅ፦
«እኔስ?» ብላለች። ደግሞም «በላት» አይባልም፣ «በያት» ነው፤ ጸሐፊ ነኝ ስላልክ ነው።

ስድስት ኪሎ፦
ከዚህ በኋላ ብዕረኛው የድምፅ ሥራ ይፈልግ ይሆናል።

ብዕረኛው፦
የፊደል ስሕተት ይዞ ማሳደድ ነገር ሲያልቅ የሚመጣ ነው።

ከሜሪላንድ፦
የፊደል አይደለም፣ የጾታ ነው። እኔ ልጆቼን የምቆጣበት ስሕተት ነው። ከየት ተማርከው፣ ከቱርኩ?

ድምፅ ብቻ፦
ከእኛ እንኳ አልተማረውም፤ እኛ ጋ እንዲህ ከወጣ እንደገና ይቀረጻል። እኔ ግን የምጠብቀው ሌላ ነው። ብዕረኛው፣ «ድምፅ መለወጥ» እና «ጥላ» ያልከውን ከጧት ጀምሮ መልሰህ አልወሰድክም።

ብዕረኛው፦
አልወስድም።

ድምፅ ብቻ፦
መልካም። የጎረቤቷን ሴት የምትጫወት ተዋናይ ስትፈልግ እንዳትደውልልኝ።

ኳስ ብቻ፦
ባለ ዲሽ፣ ለብቻህ ልጠይቅህ ፈልጌ ነው፣ ቅዳሜ ጨዋታው በነጻ የሚገባበት ጣቢያ አለ?

ባለ ዲሽ፦
አለ። ሳህኑ ግን መዞር አለበት፤ ስታዞረው ደግሞ ቃና ይጠፋል። ቤት ውስጥ ተማክረህ ደውልልኝ።